በካርቶኑ ላይ የነበረው መስቀል

«የልጆች መጫወቻ ነው የምሸጠው» ስል ሰዎች ፊት ላይ የሚመጣውን ፈገግታ ለምጄዋለሁ። «እሱ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» የሚል ፈገግታ ነው። አልቀየምም። እኔም ሱቁን ስከፍት ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ልጅ መጥቶ ያለቅሳል፣ እናቱ ትገዛለች፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን አንዲት ካርቶን ከደብረ ማርቆስ አምበር፣ ከአምበር ሆስፒታል ስታንከራትተኝ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቄ የገባ ሰው ሁሉ ከጥያቄዬ አያመልጥም። ሳልቸኩል ልንገራችሁ፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ጠጋ በሉ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ናት፤ በአንድ በኩል ጫማ ሰፊ፣ በሌላ በኩል ሞባይል ጠጋኝ አለ። ከዚያ በፊት በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጥ ነበር። አላገባሁም፣ አልወለድሁም። በዚህ ምክንያት «አንቺ የልጅ ነገር ከየት ታውቂያለሽ?» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ነገር ማወቅ እወዳለሁ። አዲስ ዕቃ ሲመጣልኝ፣ ገበያው ጭር ባለ ሰዓት ካርቶኑን ከፍቼ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጫወትበታለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳይቀር፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ አነብባለሁ። ጫማ ሰፊው በበሩ ብቅ ብሎ «ትርንጎ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ዓመትሽ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። እንደ ዕቃው ዓይነት «ሁለት» ወይም «ስድስት» እለዋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ነጭ ጥምጥም፣ የጸዳ ጋቢ፣ በእጃቸው መቋሚያ።

«ቤቶች! የልጅ መጫወቻ ይሸጥበታል የተባለው ቤት ይህ ነው?»

«ነው፤ ይግቡ የኔታ» አልኋቸው። የኔታ ያልሁት ከአለባበሳቸው ገምቼ ነው፤ አልተሳሳትሁም። የኔታ ይባቤ ይባላሉ። ከአምበር ገባ ብሎ ባለ አንድ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ።

«ልጄ ጥሩዬ ተደምበጫ መጥታ ተእኛ ጋር ሰንብታለች» አሉ፣ ያቀረብሁላቸው በርጩማ ላይ እየተቀመጡ። «ልጆች አሏት፤ ሦስት ናቸው። አያታችን ተከተማ ባዶ እጁን መጣ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። መቼም እኔ ስለዚህ ዕቃ የማውቀው የለኝም፤ አንቺው ምረጭልኝ።»

እንደዚህ የሚል ገዢ ማግኘት ለእኔ ዓመት በዓል ነው። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጥያቄዬን ጀመርሁ። ትልቁ ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ክርክር ይወዳል። መኻከለኛዋ አራት ዓመቷ ነው፤ ማሕሌት ትባላለች፣ አፏ ለአፍታ አይዘጋም። ትንሹ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ይድሃል።

ለትልቁ ዳማ አወጣሁለት። «በዚህ ዕድሜ ማሸነፍና መሸነፍ ያለበት ጨዋታ ይወዳሉ፤ ሕግ ያለው ነገር ደስ ይላቸዋል» አልሁ። ለትንሹ በአንድ ዘንግ ላይ የሚደረደሩ ትላልቅ የላስቲክ ቀለበቶች አቀረብሁ። «እሱ ደግሞ አሁን ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። እነዚህን ቢያኝካቸው አይቆረሱም፣ ወደ ጉሮሮው አይገቡም፣ ለድዱም ይመቹታል።» ለማሕሌት ያመጣሁት በጣም የምወደውን ነው። ዓሣ ማጥመጃ ነው። ክብ ኩሬ አለው፤ በውስጡ ባለ ብዙ ቀለም ትንንሽ ዓሣዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በክር የታሰረች ማግኔት ያለችበት ዘንግ አለ። የእያንዳንዱ ዓሣ አፍ ውስጥም እንደ ምስር የምታህል ማግኔት ተለጥፋለች፤ ዘንጉን ስታወርዱት ዓሣው ቀጭ ብሎ ይያዛል።

የኔታ ካርቶኑን ተቀብለው አገላበጡት። በላዩ ላይ ዓሣዎቹና አጥማጁ ልጅ ተስለዋል።

«ይህ ለልጂቱ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

ጥያቄው አስደሰተኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ! «ምልክት አለው የኔታ፤ ይኸውና ይዩት» ብዬ ጥግ ላይ ያለችውን ክብ በጣቴ ነካኋት። በውስጧ 3+ የሚል አለ።

የኔታ ካርቶኑን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። አንዴ አዩት፣ ደግመው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። «አየሁት ልጄ፣ አየሁት! ተዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈለጋል!» አሉና ያችን ካርቶን ከሌሎቹ ለይተው በጋቢያቸው ሸፈኗት። እኔ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ እሳቸውም ገባኝ ብለው ደስ አላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ አቧራ ሳራግፍ የኔታ እንደገና መጡ። ለደብሩ ጉዳይ ወደ ከተማ ጎራ ብለው ኖሯል።

«ትርንጎ ልጄ፣ ያቺ የትናንቷ ዓይነት ሌላ ይኖርሻል? ያቺ ምልክት ያለባት።»

«ሞልቶ! ሌላ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለች እንዴ?»

«የለችም። የጎረቤቴ ልጅ ክርስትና ሊነሣ ነው። ለእሱ ላበረክትለት አስቤ ነው።»

የአርባ ቀን ሕፃን ዓሣ ሲያጠምድ ታየኝና ሳቄ መጣ። «የኔታ፣ የአርባ ቀን ሕፃን እኮ ጣቱን እንኳ አያውቀውም! በዘንግ ዓሣ ያጥምድ?»

«ለጨዋታው አይደለም እንጂ» አሉ፣ አለማወቄ እያስገረማቸው። «ለምልክቱ ነው። አንቺው አይደለሽ ያሳየሽኝ? የፈረንጅ አኃዝ ቢሆንም ሦስትን ተስልክ አውቀዋለሁ። ሦስቱ ሥላሴ። ተአጠገቡ መስቀሉ። ደግሞ ዓሣውና አጥማጁ፤ ሐዋርያት ዓሣ አጥማጆች አልነበሩ? ፈረንጅም እንዲህ ያለ ትርጓሜ ያውቃል ለካ ብዬ ስገረም ነው ያደርሁት።»

ካርቶኗን ከመደርደሪያው አውርጄ አየኋት። እንዴት ሆኖ እስከ ዛሬ እንዳልታየኝ! 3+። እውነትም ሦስት፤ እውነትም መስቀል። እኔ «ከሦስት ዓመት በላይ» የማነብባትን ምልክት የኔታ በራሳቸው ትምህርት አሳምረው አንብበዋታል፤ አንድም ነገር አልጎደላትም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ሳቅሁ። እሳቸውም ትርጓሜያቸው ያስደሰተኝ መስሏቸው አብረውኝ ሳቁ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቀጥ አለ።

«የኔታ፤ የትናንቷን ለማን ሰጧት?»

«ለገብረ ሥላሴ ነዋ።»

«ገብረ ሥላሴ ማነው?»

«ትንሹ። የሚድኸው። የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው፤ ሦስቱ ያለበት ለእሱ ካልሆነ ለማን ይሆናል? ቀለበቶቹን ለማሕሌት ሰጠኋት። አኮረፈች እንጂ!»

የዓሣዎቹ አፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማግኔቶች ጠንከር ተደርገው ሲጎተቱ ይነቀላሉ፤ እኔው ስጫወትበት ነቅዬ መልሼ አጣብቄ አውቃለሁ። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ችግር አይደለም። የዘጠኝ ወር ሕፃን እጅ ከገባ ግን የት እንደሚደርስ አታጡትም።

ነገርኋቸው። መጀመሪያ አልደነገጡም። «ፍሬ ቢውጥ ያው ይወጣ የለ?» አሉ። ካወረድኋት ካርቶን ዓሣዎች ሁለት ማግኔቶች ነቅዬ በጋቢያቸው ጫፍ በዚህና በዚያ በኩል አስጠጋኋቸው። ጨርቁን መኻል አድርገው ቀጭ ብለው ተያያዙ።

«አንዷ ብትሆን ትወጣ ይሆናል። ሁለት ከሆኑ ግን አንጀት ውስጥ ተለያይተው እንኳ ይፈላለጋሉ የኔታ። እንዲህ ሥጋውን መኻል አድርገው ቆንጥጠው ይይዙታል። አይለቁም፤ ይበሱታል።»

የኔታ ጋቢያቸው ላይ የተጣበቁትን ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች አይተው አማተቡ። «በስመ አብ!» ብቻ አሉ።

ጥሩዬ ጋ ደወልን፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሱቁን ለጫማ ሰፊው አደራ ብዬ ሚኒባስ ተራ ሮጥን። የአምበር ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነው፤ መቼም እስኪሞላ እንደማይነቃነቅ ታውቃላችሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ይህን ሲል ግን ባዶው ወንበር ብዙ ነው። ሾፌሩን በመስኮት «ሕፃን ማግኔት ውጦብን ነው!» አልሁት። ማግኔት መዋጥ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ የኔታን ፊት ሲያይ ግን ሞተሩን አስነሣ።

መንገድ ላይ የኔታ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ቆየ፤ ዳዊት እየደገሙ ነበር። መኻል ላይ ያቋርጡና ይጠይቁኛል። እኔም እጠይቃቸዋለሁ። ሁለታችንም ዝም ማለት የማንችል ሰዎች ነን።

«ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይላል የኔታ?»

«ምን ቀረው ብለሽ! የመቋሚያዬን ጫፍ ልሷል። የዳዊቴን ማኅደር አኝኳል። ትናንት ጠዋት የገዛ እግሩን ጣት ሲጠባ አይቼ ስስቅ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርገው? ርቦት አይደለም።»

«ማወቅ ፈልጎ ነው። እርስዎ መጽሐፍ ገልጠው የሚያዩትን እሱ በምላሱ ነው የሚያየው። ለስላሳ ነው? ሻካራ ነው? ይጨመቃል? ሲቆይ በእጁ ማገላበጥ ይጀምራል፤ ማስገባት፣ ማውጣት፣ መጣል። ከዚያ ደግሞ እንደ ማሕሌት ሲሆን ዓሣው ዓሣ ይሆናል፤ ያወራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።»

የኔታ በመስኮቱ የታጨደውን ማሳ ተመለከቱ። «እና እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተማሪዬን ፊደል ሳይለይ ንባብ አላስጀምረውም። ዳዊት ሳይደግም ቅኔ ቤት አላስገባውም። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሲመጣብኝ እቆጣለሁ። የልጄን ልጅ ግን ገና ፊደል ሳይቆጥር ቅኔ ቤት አስገባሁት።» ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም እጃቸውን ያዝሁ።

አምበር ወርደን በባጃጅ አቧራውን እያቦነንን ደብሩ አጠገብ ካለው ቤታቸው ደረስን። ጥሩዬ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች። አባቷ ከማትታወቅ ሴት ጋር እየሮጡ ሲመጡ ስታይ ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

«ልጁ የት አለ?» አልናት እኩል።

ውስጥ ነበር። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ የቀይዋን ዓሣ ጅራት ያኝካል። ሲያየን ባሉት ሁለት ጥርሶች ሳቀልን። እንዲህ ያለ ደኅና ልጅ አይቼ አላውቅም። እፎይ አልሁ፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። መሬት ተንበርክኬ ዓሣዎቹን ሰብስቤ አፍ አፋቸውን አየሁ። በሁሉም አፍ ውስጥ ጥቁሯ ነጥብ አለች። በሁለቱ ግን የለችም።

«ሲያላምጣት ነበር» አለች ጥሩዬ፣ ስንነግራት ፊቷ አመድ መስሎ። «ጥርስ እያወጣ ነው፤ ደስ ካለው ብዬ ተውሁት። አባዬ የተባረከ ነው ስላለኝ ክፉ ይነካዋል ብዬ እንዴት ላስብ?»

የማጥመጃውን ዘንግ አንሥቼ ምንጣፉን፣ ጥጋጥጉን፣ የአልጋውን ሥር ሁሉ በማግኔቱ ዳሰስሁ። አንድ የጠፋ መርፌ ያዘልኝ፤ አንድ የዛገ ምስማር ያዘልኝ። ማግኔቶቹ ግን የሉም። ይህን ሁሉ ሳደርግ አንዲት ትንሽ ልጅ ምሰሶውን ተደግፋ ታየኛለች። ማሕሌት ነች። አፏ ለአፍታ አይዘጋም የተባለችው ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ነበር፤ ለጎረቤት አደራ ተብሎለት እኛ ሕፃኑንና ማሕሌትን ይዘን ወጣን። ጤፍ የጫነ መኪና አግኝተን፣ ጥሩዬና ልጆቹ ከሾፌሩ አጠገብ፣ የኔታና እኔ ጆንያው ላይ ሆነን ደብረ ማርቆስ ተመለስን። የአፋቸው ማግኔት የጠፋባቸውን ሁለት ዓሣዎች ለሐኪም ላሳይ ብዬ በቦርሳዬ ይዣለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። ዓሣዎቹን አሳየኋት፤ ስለ ማግኔቶቹ ነገርኋት። ማብራሪያ አላበዛችም፤ ሕፃኑን ወዲያው ራጅ አስነሣችው። ስትመለስ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሥታ አሳየችን። በትንሿ ሆድ መኻል አንዲት ነጭ ክብ ነጥብ አለች። ጥሩዬ ጮኸች።

«አንድ ነው የሚታየው» አለች ሐኪሟ። «ግን ሁለት ሆነው ከተጣበቁ እንደ አንድ ሊታዩ ይችላሉ። በጎን አንሥተነው ነበር፤ እየተንፈራገጠ ጥርት ብሎ አልወጣም። አንድ ብቻ ከሆነች እዚሁ አስተኝተን እየተከታተልን እንጠብቃታለን፤ ብዙ ጊዜ በራሷ ትወጣለች። ሁለት ከሆኑ ግን አልጠብቅም፤ አሁኑኑ ባሕር ዳር ሪፈር እጽፋለሁ። ምናልባት ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ይሆናል። ሁለተኛዋን ቤት ውስጥ በደንብ ፈልጋችኋታል?»

«ፈልገናል» አልሁ። «የለችም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም እንደዋጠ አድርገን ነው የምንወስደው» አለችና ወደ ወረቀቷ ዞረች። ከዚያ ለጥሩዬ «ከልጁ አጠገብ ብረት ነገር እንዳይኖር። ቁልፍም፣ መርፌ ቁልፍም ካለሽ አውልቂ፤ ማግኔቷን ይስባታል» አለቻት።

ጥሩዬ ነጠላዋን የያዘችበትን መርፌ ቁልፍ መንቀል ስትጀምር ማሕሌት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ቀበረች። ማንም አላያትም፤ ሁሉም የሚያየው ሕፃኑን ነው። እኔ ግን ሰው ሲደብቅ የማየት ክፉ አመል አለብኝ።

«ማሕሌት፣ ደረትሽ ላይ ምን አለ?» ልላት አፌን ከፍቼ ተውሁት። ይህች ልጅ ከጠዋት ጀምሮ የትልልቅ ሰዎችን ጩኸት፣ ለቅሶና ሩጫ ስታይ ነው የዋለችው። ብጠይቃት «ምንም» ነው የምትለኝ። እጇን በግድ ባስለቅቃት ደግሞ ስትታገል የያዘችው ወድቆ የት እንደሚገባ ማን ያውቃል? አራት ዓመቷ ነው። ወደ አራት ዓመት ልጅ አገር መግቢያው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሱቄ ወለል ላይ ተቀምጬ ገብቼበት የለ!

ይዣት ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁለቱን ዓሣዎች ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወደ እሷ ሳላይ ቢጫዋን ዓሣ አንሥቼ በቀጭን ድምፅ ማልቀስ ጀመርሁ።

«ወይኔ! ወይኔ! አፌ ጠፋብኝ። ምሳ አልበላሁም።»

እኔ ለቅሶዬን ቀጠልሁ። አጠገባችን የተቀመጡ አስታማሚዎች ይህች ሴት ምን ነካት እያሉ ያዩኛል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ትንሽ እጅ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀይዋን ዓሣ አነሣ።

«የእኔም ጠፍቷል» አለች ቀይዋ ዓሣ በማሕሌት ድምፅ።

«ውይ እህቴ! ያንቺን ማን ወሰደብሽ?»

«ሕፃኑ በላብኝ። ቀርጠፍ አድርጎ ዋጠብኝ።»

«የእኔንስ? የእኔንም እሱ በልቶብኝ ይሆን?»

ቀይዋ ዓሣ ለረጅም ጊዜ አሰበች። በሩ ተከፍቶ ሐኪሟ የሪፈሩን ወረቀት ይዛ ወጣች። በእጄ ጠብቂኝ አልኋት። ገብቷት ይሁን ገርሟት ቆመች።

«ያንቺን ማሕሌት ደብቃዋለች» አለች ቀይዋ ዓሣ።

«ለምን?»

«ሕፃኑ ሲተኛ ልትጫወት መጣች። ስትጎትተው ተነቀለ። አባባ አትንኪ ብሏታል፤ የተባረከ ነው፣ ያንቺ አይደለም ብሏታል። የሕፃን ቀለበት ነው የሰጣት። እሷ እኮ ሕፃን አይደለችም!»

«አይደለችም!» አለች የእኔም ዓሣ፣ ከልቧ ተቆጥታ። «ትልቅ ናት እንጂ! እባክሽ፣ አፌን ስጪኝና ልብላበት።»

ማሕሌት የቀሚሷን አንገት ገለበጠችው። በውስጥ በኩል እናቷ የተቀደደውን የያዘችበት መርፌ ቁልፍ አለ። በእሱ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነገር ተጣብቃለች።

«ለአባባ እንዳትነግሪው» አለችኝ፣ በዚህ ጊዜ በራሷ ድምፅ።

ቀስ ብዬ ነቅዬ ለሐኪሟ አቀበልኋት። ሐኪሟ ማግኔቷን ተቀብላ አገላበጠቻትና በረጅሙ ተነፈሰች። «አንድ ብቻ ነው የዋጠው» አለች ወደ ውስጥ እየጮኸች። ጥሩዬ ሕፃኑን እቅፍ አድርጋ ስታለቅስ ከበሩ ውጭ ይሰማል። ሪፈሩ ቀረ፤ አልጋ ተያዘ።

የኔታ ነገሩን ሲሰሙ መጡና ማሕሌት ፊት ቆሙ። ልጅቷ ከኋላዬ ተደብቃ «አልሰረቅሁም» አለች። እሳቸው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ቁጢጥ አሉ።

«አልሰረቅሽም፤ ያንቺኑ ነው የወሰድሽው። ምልክቱን ያየሁት እኔ ነኝ። አንብቤ ተሳሳትሁ።»

ማሕሌት በትከሻዬ በኩል ብቅ ብላ አየቻቸው። «አባባም ይሳሳታል?»

«ይሳሳታል።»

አሰበችበት። «ታዲያ አሁን ዓሣዎቹ የእኔ ናቸው?»

የኔታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «ያንቺ ናቸው» አልኋት እኔ በእሳቸው ፈንታ።

ማግኔቷ በሁለተኛው ቀን ወጣች። በየት በኩል እንደወጣች መንገር አያስፈልገኝም። የኔታ በስልክ «ትርንጎ ልጄ፣ ወጣች! እልል በይ!» ሲሉ እኔ ሱቅ ሙሉ ገዢ ይዤ ነበር። እልል አልሁ። ጫማ ሰፊው ያገባሁ መስሎት ሮጦ መጣ።

እናንተ ይህን የምታነብቡ ሰዎች፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ በሱቄ 3+ ያለባትን እያንዳንዷን ካርቶን አውርጄ በአማርኛ «ከሦስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ» ብዬ ወረቀት ለጠፍሁባት። ሌላው ግን ከዚህ ይበልጣል። ድሮ «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። አሁን «ልጁ ምን ያደርጋል?» ነው የምለው። ያኝካል? ይወረውራል? ከራሱ ጋር ያወራል? ሲሸነፍ ይናደዳል? ገዢዎቼ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹ «ቆይ እስቲ አይቼው ልምጣ» ብለው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በዚያ ቀን ገበያዬ ቢቀንስም ደስ ይለኛል። ለልጅ የማይመጥነውን ስንሰጠው፣ ወይ እንደ ገብረ ሥላሴ ይጎዳል፣ ወይ እንደ ማሕሌት ይደበቃል። አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ ልጅ የማይነግራችሁ ነገር ሲኖር ከመቆጣታችሁ በፊት መሬት ቁጭ ብላችሁ መጫወቻውን አንሡ። ያልጠበቃችሁትን ትሰማላችሁ።

የኔታ አሁንም ወደ ከተማ ሲመጡ ጎራ ይላሉ። በቅርቡ ገብረ ሥላሴን ይዘውት መጡ። ቆሞ መሄድ ጀምሯል። መደርደሪያውን ሁሉ ረስቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘውን የሱቄን ቁልፍ አንሥቶ ወደ አፉ ላከው። የኔታና እኔ እኩል ጮህን።